ሳይታመሙ ሐኪም ዘንድ፦ የታዳጊ ልጅ መደበኛ የጤና ምርመራ ደረጃ በደረጃ

ታዳጊ ልጃቸውን ለምርመራ ወስደው "ደህና ነው ተባለ" ብለው የሚመለሱ ወላጆች ብዙ ናቸው። ምን ተለካ? ቁጥሩ ስንት ነበር? ልጁስ ምን ተጠየቀ? ብትሏቸው መልስ የላቸውም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ወረቀት ሳይያዝ ተሂዷል። የሐኪሙን ጥያቄ ሁሉ እናት ወይም አባት መልሰዋል። ልጁ ደግሞ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ወጥቷል።

ይህ መመሪያ ከ10 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆችና አሳዳጊዎች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉርምስና የሚለው ይህንኑ ዕድሜ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። ጊዜ ቢያጥራችሁ እንኳ ደረጃ 5ን አትዝለሉ።

## ደረጃ 1፦ ቀጠሮ ያዙ

ጤነኛ ልጅ በዓመት አንዴ ቢታይ ጥሩ ልማድ ነው። አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ክትትል የሚፈልግ ሕመም ካለ ሐኪሙ በሚወስነው መጠን ቶሎ ቶሎ ይታያል።

ስትደውሉ ወይም በአካል ስትሄዱ እንዲህ በሉ፦ "ልጁ አልታመመም። መደበኛ ምርመራ ነው የምንፈልገው። ከሐኪሙ ጋር ብቻውን የሚነጋገርበት ጊዜም ይኑር።" ይህን ካልተናገራችሁ የጉንፋንና የሆድ ቁርጠት ወረፋ ውስጥ ትገባላችሁ። እዚያ ደግሞ የምታገኙት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው።

ቀጠሮው ከፈተና ሳምንት ጋር እንዳይገጥም አድርጉ። ልጁ ትኩሳት ካለው ቀኑን አስተላልፉ። የወር አበባ ምርመራውን አይከለክልም፤ ሽንት የሚመረመር ከሆነ ግን ደም ስለሚታይበት ልጅቷ ቀድማ ለባለሙያው ትንገር። ሴት ሐኪም ይሻላታል ወይስ ወንድ? እሷን ጠይቋት፤ እናንተ አትወስኑላት።

"ያልታመመ ልጅ አናይም" ከተባላችሁ አትሟገቱ። ልጁ ለክትባት፣ ለስፖርት ፎርም ወይም ለትንሽ ሕመም የሚሄድበትን ቀን ተጠቀሙበት። "ከመጣን አይቀር ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ የደም ግፊቱና ዓይኑ ይታይልን" በሉ። አብዛኛው ባለሙያ ለዚህ እንቢ አይልም።

## ደረጃ 2፦ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ

ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ "ቆይ… አያቱ ስኳር ነበረባቸው መሰለኝ" ማለት የምርመራውን ጊዜ ይበላል። ከቤት ሳትወጡ እነዚህን ጻፉ፦

- የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ። ቫይታሚን፣ ባህላዊ መድኃኒት፣ የፊት ቅባትና የጡንቻ ማፈርጠሚያ ዱቄትም ይቆጠራሉ።
- የማይስማማው መድኃኒት ወይም ምግብ፣ ከነምልክቱ።
- በቤተሰብ ያለ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ የአእምሮ ሕመም።
- ከ50 ዓመት በፊት በድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ ካለ። ይህ ሐዘን ስለሆነ ብዙዎች ማንሳት አይወዱም። ለልብ ምርመራ ግን ወሳኝ መረጃ ነው።
- ለሴት ልጅ፣ ያለፉት ሦስት የወር አበባዎች የጀመሩበት ቀንና ስንት ቀን እንደቆዩ። ራሷ ትመዝግበው።

የክትባት ካርዱንም ከወረቀቱ ጋር ያዙ። ከዚያ ሁለት ትንንሽ ወረቀቶች ጨምሩ። በአንዱ ላይ እናንተ፣ በሌላው ላይ ልጁ፣ ሦስት ሦስት ጥያቄ ይጻፍ። የልጁን ወረቀት አታንብቡ። እስቲ ልየው ብላችሁ ከተቀበላችሁት ዋናውን ጥያቄ አይጽፍም።

የክትባት ካርዱ ከጠፋ በግምት አትናገሩ። ክትባቱ የተሰጠበት ቦታ መዝገብ ሊኖረው ይችላልና መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። ካልተገኘ ለባለሙያው እውነቱን ንገሩ። ያልተመዘገበ ክትባት እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ እንደገና ሊሰጥ ይችላል። አብዛኞቹን ክትባቶች መድገም ጉዳት የለውም።

## ደረጃ 3፦ ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩ

ጠዋት ቀስቅሶ "ተነስ፣ ሐኪም ቤት ነን" ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ምን ምን እንደሚደረግ ንገሩት፦ ይመዘናል፣ ይለካል፣ ዓይኑ ይታያል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ ምናልባት መርፌ ይኖራል። መርፌ ካለ የለም ብላችሁ አትዋሹ። አንዴ ከዋሻችሁ ቀጣዩን ዓመት አታገኙትም።

ሐኪሙን ማስፈራሪያ አታድርጉት። "ቆይ፣ ስልክ ላይ ማደርህን ለዶክተሩ ባልነግር!" የተባለ ልጅ ሐኪሙን የወላጁ ወገን አድርጎ ያየዋል። አፉን ዘግቶ ይገባል፤ ዘግቶ ይወጣል።

አልሄድም ካለ ምክንያቱን ፈልጉ። በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው። መርፌ ፈርቶ ከሆነ ተኝቶ መወጋት እንደሚችል ንገሩት። ልብስ ማውለቅ አፍሮ ከሆነ ማንኛውንም የሰውነት ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው ማስረዳትና ፈቃዱን መጠየቅ እንዳለበት፣ "ይህኛው ይቅርብኝ" ማለትም እንደሚችል አስረዱት። የሚናገረው ነገር ቤት እንዳይደርስ ሰግቶ ከሆነ ደግሞ ደረጃ 5ን አብራችሁ አንብቡ።

## ደረጃ 4፦ ልኬቶቹ በትክክል መወሰዳቸውን ተከታተሉ

ይህ ክፍል በችኮላ ይበላሻል። እንደ ወላጅ ማድረግ የምትችሉት ቆሞ ማየትና በትህትና መጠየቅ ነው።

### ቁመትና ክብደት

ጫማ ይውለቅ። ወፍራም ጃኬት ይውለቅ። ስልክና ቁልፍ ከኪስ ይውጣ። ቁመት ሲለካ ተረከዝ ግድግዳውን ይንካ፣ ዓይን ፊት ለፊት ይይ፣ ከፍ ብሎ የተያዘ ፀጉር ይውረድ።

ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረውን ቁጥር በአዋቂ መለኪያ አትተርጉሙት። 18.5 እና 25 የሚሉት ድንበሮች የአዋቂ ናቸው። ለታዳጊ በዕድሜና በጾታ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አለ። ለምሳሌ 17 የሚል ውጤት ለ11 ዓመት ልጅ መካከለኛ ነው። ለ18 ዓመት ወጣት ግን ወደ ዝቅተኛው ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ "በዕድሜዋ ሠንጠረዥ የት ላይ ናት? ካምናው አንጻርስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከአንድ ነጥብ ይልቅ የመስመሩ አካሄድ ብዙ ይናገራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች "ውይ! እንዲህ ወፈርሽ?" አትበሉ። "ሥጋ የላትም እኮ" ማለትም ያው ነው። ከሚዛን በኋላ የተሰማ አንድ ቃል ምግብ እስከ ማቆም ሲያደርስ ታይቷል። ባለሙያው ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዳይናገር መጠየቅም መብታችሁ ነው።

### የደም ግፊት

ደረጃ ሮጦ የወጣ ልጅ ወዲያው አይለካም። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ። ጀርባው ይደገፍ፣ እግሮቹ ሳይነባበሩ መሬት ይንኩ፣ ክንዱ በልብ ትይዩ ይቀመጥ፣ አያውራ። ካፌይን ያለው መጠጥ ከመለኪያው በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች አይጠጣ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ በልኩ ይሁን። የጠበበ ጨርቅ ግፊቱን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሹራብ ላይ ከሆነ የታሰረው፣ "እጅጌውን ያውልቅ?" በሉ።

ዕድሜው 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ120/80 በታች ጥሩ ነው። 130/80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋል። ከ13 ዓመት በታች ላሉት ድንበሩ በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት ይሰላል።

ከፍ ካለ አትደንግጡ። አርፎ እንደገና ይለካ። ደም ግፊት አለበት የሚባለው በሦስት የተለያዩ ቀናት ከፍ ብሎ ከተገኘ ነው። በአንድ ልኬት መድኃኒት ከታዘዘላችሁ "ሌላ ቀን ተለክቶ ይረጋገጥ?" ብላችሁ ጠይቁ።

### ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥርስ

ዓይኖቹ በየተራ ይታዩ። ሁለቱንም ገልጦ ማንበብ የአንዱን ድክመት ይሸፍናል። የተሸፈነው ዓይን አይጫን፤ ልጁም ዓይኑን አያጥብብ። መነጽር ካለው አድርጎት ይምጣ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ወረፋ ላይ ቆመው ከፊታቸው ያለው ሲያነብ ሰምተው ፊደሎቹን በቃላቸው የሚወጡ ልጆች አሉ። መነጽር ማድረግ የማይፈልጉት በተለይ ጎበዞች ናቸው። ሰሌዳው ከኋላ ወደ ፊት ይነበብ።

የጆሮ ማዳመጫ ለሚወድ ልጅ ድምፁ ከጣሪያው 60 በመቶ አይለፍ። ጥርስ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ የሚደማ ድድ ወይም ከኋላ በኩል ሕመም ካለ የጥርስ ሐኪም ይየው።

### ጀርባ

ልጁ እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ መዳፎቹን አጋጥሞ ወደ ፊት ያጎንብስ። ባለሙያው ከኋላ ሆኖ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ማለቱን ያያል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አከርካሪው በቁመት መጨመሪያው ወቅት ወደ ጎን ከተጣመመ ቶሎ መታየት አለበት።

### የሰውነት ለውጥ

ልጅቷ 13 ዓመት ሞልቷት ጡቷ ካልጀመረ ወይም በ15 ዓመቷ የወር አበባ ካላየች ይጣራ። ወንዱ 14 ሞልቶት የዘር ፍሬው ማደግ ካልጀመረ ይጣራ። ለሴት ከ8፣ ለወንድ ከ9 ዓመት በፊት የጀመረ ለውጥም እንዲሁ።

የወር አበባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢዛባ የተለመደ ነው። ከ7 ቀን በላይ የሚፈስ፣ በየአንድና ሁለት ሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ወይም ከ90 ቀን በላይ የሚጠፋ ከሆነ ግን "ሴት ልጅ እንዲህ ናት" ብላችሁ አትለፉት።

ወንዶች ልጆች ደግሞ በጡታቸው ሥር ትንሽ እብጠት ሲያዩ በዝምታ ይሰቃያሉ። ሸሚዝ ማውለቅ ያቆማሉ፤ ዋና ይቀራሉ። በጉርምስና ይህ በጣም የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ሐኪሙ ይህን በአንድ አረፍተ ነገር ቢነግረው የዓመት ጭንቀት ይቀልለታል።

### ላብራቶሪ

"ሙሉ ምርመራ አድርጉለት" አትበሉ። ምልክት ለሌለው ልጅ ረጅም የላብራቶሪ ዝርዝር የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የሐሰት ድንጋጤና ወጪ ነው። የደም ማነስ ምርመራ ግን፣ በተለይ ደም በብዛት ለሚፈሳት ልጅ፣ ተገቢ ነው። 12 ዓመት የሞላው ልጅ ሄሞግሎቢኑ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ የደም ማነስ አለ ይባላል። 15 ዓመት ለሞላው ወንድ ድንበሩ 13 ነው። ከፍታ ቦታ ለሚኖር ሰው ቁጥሩ ስለሚስተካከል ይህንንም ጠይቁ።

## ደረጃ 5፦ ከክፍሉ ውጡ

ሐኪሙ ልጁን ይጠይቃል፦ "እንቅልፍ እንዴት ነው?"

እናት ትመልሳለች፦ "ኧረ ምን እንቅልፍ አለው ዶክተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ!"

"ትምህርትስ?"

"ድሮ ጎበዝ ነበር። ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ።"

ልጁ ወለሉን ያያል። ምን እንደነካው የሚያውቀው እሱ ነው። እናቱ እዚያ ተቀምጣ ግን አይናገርም።

ስለዚህ የምርመራው አንዱ ክፍል ያለ ወላጅ መሆን አለበት። አወጣጡም ወግ አለው፦

1. በመጀመሪያ አብራችሁ ግቡ። ያዘጋጃችሁትን ወረቀት ስጡ። የሚያሳስባችሁን ልጁ እየሰማ ተናገሩ።
2. ሐኪሙ የምስጢርን ሕግ ለሁለታችሁም በአንድ ላይ ያስረዳ። ካላነሳው "ምስጢር የሚጠበቀው እስከ ምን ድረስ ነው?" በሉ።
3. ራሳችሁ ተነሱ። "እኔ ውጪ እጠብቃለሁ፤ የፈለግከውን ተነጋገር" ብላችሁ ውጡ። ሐኪሙ እስኪያስወጣችሁ አትጠብቁ።
4. በሩ ላይ አትቁሙ።
5. በመንገድ "ምን አልከው? ምን ጠየቀህ?" አትበሉ። "እንዴት ነበር?" ይበቃል።

ውስጥ የሚጠየቀው ስለ ቤት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ጓደኛና ውሎ፣ ስለ ሲጋራ፣ መጠጥና ሱስ፣ ስለ ፍቅርና ወሲብ፣ ስለ ስሜትና ስለ ደኅንነት ነው። ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ። ወላጆችን የሚያስፈራው የመጨረሻው ነው፦ "ራስህን መጉዳት አስበህ ታውቃለህ?" ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም። ይህ በጥናት የታየ ነገር ነው። እንዲያውም ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ሰው ሲገኝ ይቀላቸዋል።

ምስጢር የሚፈርሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው፦ ልጁ ራሱን ሊጎዳ ሲያስብ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲያስብ፣ ወይም እሱን የሚጎዳው ሰው ሲኖር። ዝርዝሩን የየአገሩ ሕግ ይወስነዋል። የምስጢር ውይይት ከወላጅ ለመደበቅ የተፈጠረ አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ብዙ ጊዜ "ይህንን ለእናትህ አብረን ብንነግራትስ?" ብሎ ልጁን ያደፋፍራል።

ለብቻ የሚሆን ክፍል ከሌለ እናንተ ድምፅ ወደማይሰማበት ራቅ በሉ። ልጅቷ "አትውጪ" ካለች አብራችሁ ሁኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ዕድሉን እንደገና ስጧት። ማንኛውም የአካል ምርመራ ሲኖር ደግሞ ሁኔታው ይለያል። ያኔ ልጁ የሚፈልገው ሰው፣ ወላጅ ወይም ሌላ ባለሙያ፣ አብሮ ይቁም።

### ይህን ክፍል ለልጁ ስጡት

መጀመሪያ "የምነግርዎት ለቤተሰቦቼ ይደርሳል?" ብለህ ጠይቅ። አንቺም። መልሱን ሰምታችሁ ከዚያ ወስኑ። አፍ አልፈታ ካለ "የምጠይቀው ነገር አለ፤ ግን አፍራለሁ" ማለት በቂ መነሻ ነው። ወይም ወረቀቱን አቀብሉት፤ ሐኪሙ ራሱ ያነበዋል። ስለ ብጉር፣ ስለ ሽታ፣ ስለ ብልት መጠን፣ ስለ ወር አበባ ሕመም፣ ስለ ሱስ በየቀኑ ይጠየቃል። አዲስ አትሆኑበትም። ከወቀሳችሁ ወይም ከሳቀባችሁ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ።

## ደረጃ 6፦ ስሜትን እንደ ደም ግፊት አስለኩ

አጭር የጽሑፍ መጠይቅ ሊሰጠው ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። ልጁ ብቻውን ይሙላው። ከትከሻው በላይ የሚያነብ ወላጅ ካለ መልሱ ሁሉ "በጭራሽ" ይሆናል።

ድብርት በታዳጊ ላይ ሁልጊዜ እንባ ይዞ አይመጣም። መነጫነጭ፣ የሚወደውን ኳስ ወይም ሥዕል መተው፣ የክፍል ውጤት መውረድ፣ ያለምክንያት ሆድና ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። የመጠይቁ ነጥብ ከፍ አለ ማለት በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም፤ በደንብ ይታይ ማለት ነው። "እኛ ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር የለም" ብላችሁ በሩን አትዝጉ።

እግረ መንገዳችሁን ሁለት ቁጥር ያዙ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ። በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ።

## ደረጃ 7፦ ክትባት

የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በዋናነት ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ሴት ልጆች የሚመከር ነው። እንደየአገሩ መርሃ ግብር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሰጣል። የቲታነስና ዲፍቴሪያ ማጠናከሪያም በዚህ ዕድሜ ይጠየቃል። አንድ ዙር አልፏችሁ ከሆነ ከመጀመሪያ አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከመርፌ በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጦ ይቆይ። ታዳጊዎች ከሌላው በላይ ከክትባት በኋላ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከመውደቁ ነው። ከገረጣና ካላበው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ባለሙያ ጥሩ።

## ደረጃ 8፦ ከመውጣታችሁ በፊት

"ደህና ነው" የሚለውን ተቀብላችሁ አትነሱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ተገኘ? ምን እናድርግ? መቼ እንመለስ? ቁመት፣ ክብደትና ግፊትን ከነቀናቸው ጻፉ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱት። ሪፈር ከተጻፈ የት፣ ለማን፣ እስከ መቼ የሚለው ይብራራ። የላብራቶሪ ውጤት ከቀረ ማን እንደሚደውል እወቁ። "ካልደወልን ደህና ነው ማለት ነው" ከተባላችሁ እናንተው ደውሉ፤ ወረቀት ይጠፋል።

የልጁ ምስጢር ያለበት ውጤት ካለ በማን ስልክ እንደሚነገር ልጁ ራሱ ከባለሙያው ጋር ይስማማ።

## እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የማይጠበቁ ነገሮች

- ድንገተኛ የዘር ፍሬ ሕመም። የደም ሥሩ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ፍሬውን ለማዳን በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል። ወንዶች ልጆች አፍረው እስኪነጋ ይጠብቃሉና ይህን ዛሬውኑ ንገሯቸው።
- እየሮጠ ወይም እየተጫወተ ራሱን የሳተ፣ ወይም ደረቱን የሚያመው ልጅ። ልቡ ሳይታይ ወደ ስፖርት አይመለስ።
- ብዙ ውኃ መጠጣት፣ ብዙ መሽናትና መክሳት አንድ ላይ ሲመጡ። ስኳር በዚያው ቀን ይለካ። ማስመለስ ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከተጨመረ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።
- ለተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ ሞዴስ የሚሞላ ደም።
- በልቶ ወዲያው ለማስመለስ መታጠቢያ ቤት መግባት፣ በፍጥነት መክሳት፣ ማዞር።
- ስለ መሞት ማውራት፣ ዕቃውን ለሰው ማደል፣ ሰውነቱ ላይ የተቆረጠ ምልክት። ብቻውን አትተዉት። መድኃኒትና ስለታም ነገር ከአጠገቡ አንሱ። ሳትጮኹበት በዚያው ቀን ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ራሱን ለማጥፋት እንዳቀደ ከተናገረ ደግሞ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው። መዝገብ ክፍል ሰው ፊት ማውራት ከከበዳችሁ "አስቸኳይ ነው፤ ለብቻ ነው የምነግራችሁ" በሉ።